ብዙ ሰው የወደደው ፕሮግራም ሁሉ ለሥራ ይበጃልን?

መቸም ሁለት ተማሪ ከተቀመጠበት ቦታ ክርክር አይጠፋም። ክርክር መኖሩ ደግ ነው፤ የሚያሳዝነው ከሻይ ብርጭቆ ጋራ ተጀምሮ ከሻይ ብርጭቆ ጋራ ማለቁ ነው። ስለዚህ ባለፉት ወራት በመካከላችን ሲነሣና ሲወድቅ የከረመውን አንድ ጥያቄ በዚህ መጽሔት አውጥተን ከጓደኞቻችን ጋራ ልንመክርበት አሰብን። ጥያቄውም፥ ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ብዙ ወዳጅ ያለው መሆኑ፥ ለሥራው ኀላፊ የሆነ ባለሙያ ሲመረምረው እንደ ማስረጃ ሊቈጠርለት ይገባልን? የሚል ነው።

«ይህ የኢንጂነሮች ጉዳይ ነው፤ የአርት ፋኩልቲን ተማሪ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ቀድሞ እንደዚሁ እናስብ ነበር። ያገባን ከተጐዳን በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የትምህርት ዘመን አራት ሆነን አንድ የጋራ ጥናት ጀመርን። ዐላማችን በቆዩ የአማርኛ ጋዜጦች ውስጥ «ሕዝብ»፣ «አገር»፣ «ሥራ» የሚሉት ቃላት በየዘመኑ ስንት ጊዜ እንደ ተጻፉና ከምን ቃል ጋራ እንደ ተጣመሩ መርምሮ ማወቅ ነበር። በእጅ መቍጠር ዓመት የሚፈጅ ስለ ሆነ ቃል የሚቈጥር ፕሮግራም እንፈልግ ተባለ። አንዱ ጓደኛችን ከኢንተርኔት ሁለት ፕሮግራሞች አገኘ። አንደኛው በዐሥር ሺዎች የሚቈጠር ሰው ኮከብ የሰጠው ነው፤ ሁለተኛው ግን ወዳጁ በጣት የሚቈጠር ነው። ለመምረጥ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም። «ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ እኛ አራታችን ልንታረም ነውን?» ተባብለን ስቀን ባለ ብዙ ኮከቡን ያዝን።

ሁለት ወር ሙሉ ጽሑፍ ስንገለብጥ ከርመን ፕሮግራሙን ብናስነሣው፥ ያወጣልን ሰንጠረዥ ያስቅም ያስለቅስም ነበር። «ሕዝብ» እና «ህዝብ» ለእርሱ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው፤ «ሥራ» እና «ስራ»ም እንደዚሁ። «ቤት»፣ «ቤቱ»፣ «ከቤታችን»፣ «ለቤቶቻቸው» የሚሉትን አራቱንም ዝምድና እንደሌላቸው ባዕዳን ለየብቻ ቈጥሮ አስቀመጣቸው። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው፤ በቆዩ ጋዜጦች ቃልን ከቃል የሚለየው ባዶ ቦታ ሳይሆን ሁለት ነጥብ ስለ ነበረ፥ እኛም እንዳለ ስለ ገለበጥነው፥ ፕሮግራሙ አንዱን ዐረፍተ ነገር በሙሉ እንደ አንድ ረጅም ቃል ቈጠረው። ሥራችንን ይዘን ወደ መምህራችን ብንቀርብ ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ «ስንት ሰው እንደ ወደደው ነገራችሁኝ፤ እናንተ ግን በምን ላይ ሞከራችሁት?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ጥናቱም በዚያ ዓመት ሳይቀርብ ቀረ።

የፕሮግራሙን ስም አንጠራም፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና። አማርኛ ዐውቃለሁ ብሎ አልማለልንም። ያታለልነው እኛው ራሳችንን ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንዲህ ዐይነቱ ጊዜ ነው።

1ኛ. የቃላቱ ትርጉም

ከሁሉ አስቀድሞ የምንነጋገርበትን ነገር እንወቀው። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ሶፍትዌር፥ የተሠራበት ኮድ ለማንም ሰው ተገልጦ የሚታይና በተሰጠው ፈቃድ መሠረት ማንም ሊጠቀምበት፥ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል ነው። ሊኑክስ የሚባለው፥ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ሥራ፥ የዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። እንደ እኛ ያለ ተማሪ የጀመረው መሆኑን ልብ ይሏል።

እንዲህ ያሉ ሥራዎች ከሚቀመጡባቸው ቦታዎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ጊትሃብ ነው። በዚያ አንድ ሥራ ደስ ያሰኘው ሰው ኮከብ ይሰጠዋል። ኮከቡ ይቈጠርና ከሥራው ስም አጠገብ ይጻፋል። ከዚህም ሌላ ፕሮግራሙ ስንት ጊዜ እንደ ወረደ፥ ስንት ሰው ለራሱ እንደ ቀዳው ይቈጠራል። የዝና መለኪያ የምንለው ይህን ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የቦርጅስና የቫለንቴ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ከተጠየቁት የፕሮግራም ሠሪዎች ከአራቱ ሦስቱ አንድን ሥራ ከመጠቀማቸው ወይም ከማገዛቸው በፊት የኮከቡን ብዛት ያያሉ። እንግዲህ ሞኞቹ እኛ ብቻ እንዳልነበርን በዚህ ተጽናናን።

2ኛ. ብዛት ይጠቅማል የሚሉት ወገኖች ቃል

ፍርድ እንዳናዛባ ለብዛት የሚከራከሩትን ወገኖች አስቀድመን እንስማ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም።

በመጀመሪያ፥ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ፕሮግራም ሲበላሽ የሚረዳ አይጠፋም ይላሉ። አንተን የገጠመህ ችግር ካንተ በፊት ሌላውን ገጥሞታል፤ መፍትሔውም ተጽፎ ይገኛል። ይህ እውነት ነው። ማንም ያልሄደበት መንገድ ላይ ጅብ ቢመጣ የሚሰማ የለም።

ሁለተኛም፥ ብዙ ሰው ያየው ኮድ ስህተቱ ቶሎ ይገኛል ይላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና ሐሳቡ ለጆሮ ደስ ያሰኛል።

ሦስተኛም፥ ጊዜ አጭር ነው ይላሉ። በዓለም ላይ ያሉት ክፍት ፕሮግራሞች ለቍጥር ያዳግታሉ፤ ሁሉን መርምሮ መጨረስ የማይቻል ስለ ሆነ ሰው ከአንድ ቦታ መጀመር አለበት፤ ብዙዎች ካቆሙበት ቢጀምር ምን ነውር አለው? ይላሉ።

እነዚህን ሦስቱን ነጥቦች እኛም እንቀበላለን። ነገር ግን ሦስቱም ቢሆኑ ብዛት ፍለጋን ለመጀመር ይረዳል ከማለት አያልፉም፤ ብዛት ፍርድን ይተካል አይሉም። መጀመሪያና መጨረሻ አንድ አይደሉም።

3ኛ. ኮከብ ምን ይቈጥራል?

አሁን ቍጥሩን ገልጠን ውስጡን እንየው። በጊትሃብ እጅግ ብዙ ኮከብ ካላቸው ሥራዎች አንዱ፥ በነጻ የሚገኙ የፕሮግራም ትምህርት መጻሕፍት ዝርዝር ነው። ከ300 ሺህ በላይ ኮከብ አለው። ጠቃሚ ዝርዝር መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ፕሮግራም አይደለም። ይህም ኮከብ ማለት «ሠራሁበት» ሳይሆን ብዙ ጊዜ «ኋላ አነበዋለሁ» ወይም «ጥሩ ነገር ይመስላል» ማለት መሆኑን ያሳያል። በመጽሐፍ ውስጥ ወረቀት አጥፎ ምልክት ማድረግ መጽሐፉን አንብቦ መጨረስ አለመሆኑን እኛ ተማሪዎች ከማንም ይልቅ እናውቃለን።

ደግሞም ኮከብ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፥ በጊትሃብ ላይ ሐሰተኛ ሳይሆኑ አይቀሩም ያሏቸውን ከ4 ሚሊዮን በላይ ኮከቦች ለይተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ የተሰጡት ሰውን ለመዝረፍ ለተዘጋጁ ጎጂ ፕሮግራሞች ነበር። ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 በገንዘብ ፖሊሲ ላይ እንዳመለከቱት፥ አንድ መለኪያ ራሱ የሚፈለግ ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ይበላሻል። ይህን ለተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ማርክ ብቻ የሚፈለግበት ክፍል ውስጥ ዕውቀት ወዴት እንደሚሄድ ሁላችን አይተናል።

«ኮከቡ ይቅር፤ የወረደበት ብዛትስ?» ይባል ይሆናል። በእርግጥ ይህ ይሻላል፤ ይሁንና የሚያወርደው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢቨንት ስትሪም የምትባል አንዲት ትንሽ ሥራ በሳምንት 2 ሚሊዮን ያኽል ጊዜ ትወርድ ነበር። ባለቤትዋ ደክሞት ለማያውቀው በጎ ፈቃደኛ አስረከባት፤ ያ ሰውም የዲጂታል ገንዘብ የሚሰርቅ ኮድ አስገባባት። ሁለት ሚሊዮን ማውረድ ሁለት ሚሊዮን ዐይን አልነበረም። እንዲያውም ሌባውን የጠራው ብዛቱ ነው፤ ሰው የማይገባበትን ቤት ማን ብሎ ይሰብረዋል?

ብዙ ዐይን ስህተትን ያገኛል የሚለውንም እንመርምር። ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. የሚባለው ሥራ በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ምስጢር የሚጠብቅ ነው፤ ከዓለም ድረ ገጾች ብዙዎቹ በእርሱ ይጠበቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 «ልብ ደማ» ለማለት ሃርትብሊድ የተባለው ስህተት ሲገለጥ፥ ስህተቱ ሁለት ዓመት ያኽል ማንም ሳያየው ተቀምጦ ነበር። ዓለም ሁሉ የተደገፈበትን ይህን ሥራ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ ይሠራ የነበረው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ፥ በዓመት የሚገባለትም ስጦታ 2 ሺህ ዶላር ያኽል መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ። ተጠቃሚው ብዙ፥ ተመልካቹ ግን ጥቂት ነበር።

ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ.፥ ኤክስ.ዜድ. በሚባለው ፋይል አጥብቦ የሚያስቀምጥ ሥራ ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ራሱን ጂያ ታን ብሎ የሚጠራ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲያግዝ ቈይቶ፥ እምነት ካገኘ በኋላ የምስጢር በር አስገባበት። የተገኘው በዝና አይደለም፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ባለሙያ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያኽል መዘግየቱን አስተውሎ፥ «ለምን ዘገየ?» ብሎ እስከ ሥሩ ስለ ተከታተለው ነው። አንድ ሰው በሚገባ ጠየቀ፤ ያ አንድ ጥያቄም ሚሊዮኖች ሳያስተውሉ ያለፉትን ገለጠ።

4ኛ. ከአገራችን ሁለት ምሳሌዎች

የውጭውን በዚህ እንተወውና ወደ አገራችን እንመለስ።

የመጀመሪያው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የሚባለው የጤና መረጃ ሥርዐት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፥ አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ፥ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ሲሆን የሚያስተባብረው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጤና ሚኒስቴራችንም ተቀብሎት በመላ አገሪቱ የጤና ተቋማት ሪፖርት ይሰበሰብበታል። እዚህ በጉለሌ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ በወሩ ስንት ሕፃን እንደ ተከተበና ስንት እናት እንደ ወለደች የሚያስተላልፈው ቍጥር በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በዓለም ላይም ከ70 በላይ አገሮች ይገለገሉበታል። የዋናው ኮድ ኮከብ ግን ቢቈጠር ከአንድ ሺህ አይደርስም። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ከ300 ሺህ በላይ አለው ብለናል። በኮከብ ብቻ የሚፈርድ ሰው ቢኖር፥ የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ጤና የሚመዘገብበትን ሥራ ገና ከደጃፉ ይመልሰው ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ባለሙያ ምን ያያል? አንድ ነጥብ ብቻ እንጥቀስ። የአገራችን ዓመት 13 ወር አለው፤ ጳጕሜን 5 ቀን፥ በየአራት ዓመቱም 6 ቀን ናት። ብዙ የውጭ ፕሮግራሞች ይህን አያውቁም። ዓመቱን 12 ወር ብቻ አድርጎ የሚቈጥር ፕሮግራም ለጤና ጣቢያችን ቢሰጠው፥ በጳጕሜን የተወለደው ሕፃን የት ሊመዘገብ ነው? ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ግን የኢትዮጵያን ዘመን አቈጣጠር ከሚቀበላቸው አቈጣጠሮች መካከል አድርጎታል። ይህን ማንም በኮከብ ብዛት ሊያውቀው አይችልም፤ ከፍቶ መሞከር፥ «ጳጕሜን ታውቃለህን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልብ ማለት የሚገባን ግን፥ 70 አገሮች መጠቀማቸውም ራሱ ብዛት ነው። እንግዲህ ብዛት ሁሉ ከንቱ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሰባው አገር ጤና ሚኒስቴር ሥራው ከእኛ ጤና ሚኒስቴር ሥራ ጋራ አንድ ነው። መብራት በሚጠፋበት፥ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ገጠር ሪፖርት ሰብስበው አይተውታል። የእነርሱ ምስክርነት ዐይተውና ነክተው የሰጡት ምስክርነት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ፋኩልቲያችን ይቀርባል። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ የሚባል ፕሮግራም ሠርተዋል፤ ስለ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2011 ለጉባኤ ጽሑፍ አቅርበዋል። ይህ ፕሮግራም የአማርኛን፥ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃል ተቀብሎ ይፈታል። «ስላልነገርኳቸው» የሚለውን ለመፍታት ሥሩ ነ-ገ-ረ መሆኑን፥ አፍራሹ «አል» መሆኑን፥ ተናጋሪው አንደኛ መደብ፥ የተነገራቸውም ሦስተኛ መደብ ብዙ መሆናቸውን መለየት ያሻል፤ ፕሮግራሙም የተሠራው ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ነው። እኛ ሁለት ወር የደከምንበት ጥያቄ በዚህ መንገድ ይቃለል ነበር። ወዳጁ ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ የአማርኛ ግሥ መፍታት የሚያስጨንቀው ሰው ጥቂት ነው። የኮከቡ ማነስ የሚያስረዳው የእኛን ጥቂትነት እንጂ የሥራውን መጥፎነት አይደለም።

በአንጻሩ ቴሰራክት የሚባለውን የታተመ ጽሑፍ ከሥዕል የሚያነብ ሥራ እንየው። ከ60 ሺህ በላይ ኮከብ አለው፤ ስመ ጥርነቱም የሚገባው ነው። አማርኛንም ከሚያነባቸው ቋንቋዎች ጋራ ይዞታል። ነገር ግን ከ60 ሺሁ ኮከብ ስንቱ የአማርኛ ገጽ ካነበበበት ሰው የመጣ ይመስላችኋል? ኮከቡ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ለሠራው ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛን ያረጀ ጋዜጣ ለማንበብ ያለውን ችሎታ ግን በእኛው ጋዜጣ ላይ ሞክረን እንጂ በሌላ አናውቀውም።

እዚህ ላይ ወደ ሌላው ስህተት እንዳንወድቅ እንጠንቀቅ። ጥቂት ወዳጅ ያለው ሁሉ ደግ ነው አላልንም። ትንሽ ሥራ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ያ ሰው ቢታመም ወይም ፊቱን ወደ ሌላ ቢያዞር ሥራው ይቆማል። ያልታወቀ ዕንቍ እንዳለ ሁሉ፥ መታወቅ ያልተገባው ጠጠርም ሞልቷል። ዕንቍውን ከጠጠር የሚለየው ያው ምርመራ ነው።

5ኛ. የሽሮ ሜዳ ፈተና

አብዛኞቻችን የምንኖረው ጉለሌ ነው። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወጣ፥ በግራና በቀኝ የተሰቀለውን የሸማ ልብስ እያየን ነው። ከጋሞ ደጋ መጥተው በዚህ ሠፈር የኖሩ ሸማኔዎች ስንት ሙሽራ እንዳለበሱ እግዚአብሔር ይወቀው።

በዚያው ሰሞን፥ ጥናታችን የወደቀ ጊዜ፥ የአንዱ ጓደኛችን እናት ለልጃቸው ሠርግ ቀሚስ ሊገዙ ወጡ፤ እኛም ዕቃ ልንይዝላቸው ተከተልን። ሻጩ ወጣት አንድ ጥለቱ የሚያበራ ቀሚስ ዘርግቶ፥ «እማማ፥ ይመኑኝ፤ ዛሬ ብቻ ከዚህ ዐይነቱ 12 ሸጫለሁ» አላቸው።

እርሳቸውም ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተው የድሩንና የማጉን አጣጣል አዩ፤ ጥለቱን ገልብጠው ጀርባውን መረመሩ፤ በጣታቸው አሽተው ፈትሉ የእጅ ይሁን የፋብሪካ ጠየቁ። ቀጥለውም፥ «የኔ ልጅ፥ የገዙትንስ ተዋቸው፤ ያጠበችውን ሴት አሳየኝ» አሉት።

እኛ ተያየን። መምህራችን የጠየቁን ጥያቄና የእኚህ እናት ጥያቄ አንድ ነበረ። የገዛ ሰው የሚመሰክረው ዐይኑ እንደ ወደደ ብቻ ነው፤ ቀለሙ እንዳልለቀቀ፥ ጥለቱ እንዳልተኰማተረ የምታውቀው ሦስት ጊዜ ያጠበችው ናት። ኮከብ የገዢ ምስክርነት ነው፤ ባለሙያ ግን የአጣቢን ምስክርነት ይፈልጋል።

6ኛ. እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

ከሰማነውና ከደረሰብን በመነሣት፥ አንድ ክፍት ፕሮግራም ለሥራ ከመያዛችን በፊት ልንጠይቅ ይገባናል የምንላቸውን እንዘርዝር።

ሀ) በገዛ ሥራችን ላይ ተሞክሯልን? ሁሉን ከመገልበጥ በፊት አንድ ገጽ በእጅ እንቍጠር፤ ያንኑ ገጽ ፕሮግራሙ ይቍጠረው፤ ሁለቱን እናስተያይ። ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። እኛ ይህን ሳናደርግ ሁለት ወር ከሰርን።

ለ) ማን ይጠብቀዋል? ሠራተኞቹ ስንት ናቸው? አንዱ ቢቀር የሚተካው አለን? የሚኖሩበት ገቢስ ከየት ነው?

ሐ) ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው? ስህተት ያመለከተ ሰው መልስ ያገኛልን? ወይስ አቤቱታው በሩ ላይ ተከምሮ ይኖራል?

መ) ፈቃዱ ምን ይላል? ክፍት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ፈቃዱ ያልተጻፈለት ኮድ ቢታይም እንኳ ያንተ ሊሆን አይችልም።

ሠ) አዲስ ኮድ ሲገባ ሁለተኛ ሰው ያየዋልን? እ.ኤ.አ. በ2020 ስኮርካርድ የሚባል መሣሪያ ወጥቶ አንድን ክፍት ሥራ በጥበቃው በኩል ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል። ከሚመረምራቸው መካከል ኮዱ በሌላ ሰው መታየቱ፥ ሥራው መቀጠሉ፥ ፈቃዱ መኖሩ ይገኙበታል፤ የኮከብ ብዛት ግን የለበትም። ባለሙያዎች ለራሳቸው መመዘኛ በሠሩ ጊዜ ዝናን ከሚዛኑ ላይ አላስቀመጡትም።

ረ) ልንተወው ብንፈልግ ጽሑፋችንንና መረጃችንን ይዘን መውጣት እንችላለንን? መግቢያውን እንጂ መውጫውን ያላየ ሰው ኋላ ይጸጸታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሰ) በመጨረሻ፥ የእኛን የመሰለ ሥራ ያለው ማን ተጠቀመበት? ምንስ አለ? ብዛት ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሥራቸው ከሥራችን የሚመሳሰል ዐሥር ሰዎች፥ ሥራቸውን ከማናውቀው ዐሥር ሺህ ሰዎች ይበልጡብናል።

7ኛ. መደምደሚያ

ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን እንዲህ ነው። የዝና ቍጥር ዋጋ አለው፤ ዋጋው ግን የጥሩምባ ዋጋ ነው። ጥሩምባ ሰውን ይጠራል፤ ለምን እንደ ተጠራ ግን አይናገርም፤ ለሠርግም ለቀብርም ይነፋልና። ሲሰማ መውጣትና ማየት ተገቢ ነው፤ በጥሩምባው ድምፅ ብቻ ሟቹን ማወቅ ግን አይቻልም። ለራሱ መጫወቻ የሚመርጥ ሰው በኮከብ ቢመርጥ የሚጐዳው ራሱን ነው። የሕፃናት ክትባት የሚመዘገብበትን፥ የአገር ጋዜጣ የሚቀመጥበትን፥ የተማሪ ውጤት የሚጻፍበትን ፕሮግራም የሚመርጥ ባለሙያ ግን በሌላ ሰው ጭብጨባ ሊፈርድ ሥልጣን የለውም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ የእኛም ድርሻ አለበት። የዓለም ኮከብ ቈጣሪዎች የጳጕሜንን፥ የሁለት ነጥብን፥ የሃሌታውን «ሀ» እና የሐመሩን «ሐ» ነገር አይነግሩንም። ይህን ማወቅ የሚችለው ቋንቋውንና ታሪኩን የሚያጠና ሰው ነው፤ ይኸውም የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነው። ኮድ መጻፍ ባንችል እንኳ መሞከር እንችላለን፤ የሞከርነውን በሥርዐት ጽፈን ለሚቀጥለው ተማሪ መተው እንችላለን፤ ስህተቱንም ለሠሪዎቹ ማመልከት እንችላለን። ክፍት ሶፍትዌር ለእኛ ክፍት የሚሆነው እንደዚህ ስናደርግ ነው እንጂ ገብተን ስለ ወጣን አይደለም።

እኛም ይህን ለመጀመር ያን ያልተሳካ ሥራችንን እንደገና አንሥተናል። አሁን ከአንድ ገጽ ጀመርን። ገጹን በእጃችን ቈጥረነዋል፤ በየፕሮግራሙም እየፈተንን ልዩነቱን በደብተር እየጻፍን ነው። ደብተሩ ሲሞላ ለኅብረታችን ቤተ መጻሕፍት እንሰጠዋለን። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ፕሮግራሙን ማን እንደ ወደደው ሳይሆን ማን እንዳጠበው ይገኝበታል።

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ጓደኛችን የማይስማማ ቢሆን በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍልን እንለምናለን። የምናነበው ግን ስንት ሰው ከእርሱ ጋራ እንዳለ ቈጥሮ ሳይሆን ነገሩን መርምሮ ሲጽፍልን ነው።